አረንጓዴ ሐይቅ የሞተ ሐይቅ አይደለም

ውሃው አረንጓዴ የሆነ ሐይቅ ሁሉ «ሞቷል» የሚለው ወሬ በየጊዜው ይነሳል። ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው ፎቶ ነው፤ ሲሻል ደግሞ ቀትር ላይ አንዴ የተነበበ የኦክስጅን ቁጥር። ሁለቱም ስለ ሐይቁ ምርት ምንም አይናገሩም።

ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው፣ ስሙም «አረንጓዴ» የሆነው ሐይቅ ለዚህ ወሬ ጥሩ መልስ ነው። ሶዳ የበዛበትን ይህን ውሃ ያቀለመው ስፒሩሊና የሚባል ደቂቅ ፍጥረት ነው። ቶሊንግ፣ ዉድ፣ ፕሮሰርና ባክስተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህና በጎረቤቱ በኪሎሌ ሐይቅ፣ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ43 እስከ 57 ግራም ኦክስጅን እንደሚመረት ገምተዋል። ይህም በውሃ ውስጥ ከተመዘገቡት የምርት መጠኖች እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር በአንድ ንባብ አይገኝም። የባለሱቅን መሳቢያ ከፍቶ ያለውን ብር መቁጠር፣ ስንት ገብቶ ስንት እንደወጣ አይነግርም። ስለዚህ ከአንድ ጥልቀት የተቀዳ ውሃ በሦስት ጠርሙስ ይሞላል። አንዱ ወዲያው ይለካል። አንዱ ብርሃን እያገኘ፣ ሌላው ጥቁር ተሸፍኖ፣ ወደተቀዱበት ጥልቀት ይመለሳሉ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ይለካሉ። መነሻው በሊትር 8 ሚሊግራም ሆኖ የብርሃኑ 11፣ የጨለማው 6 ቢሆን፣ 3 ትርፍ፣ 2 የተተነፈሰ፣ 5 ጠቅላላ ምርት ነው።

የኦክስጅኑ መለኪያ የቪንክለር ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ ይሠራበታል። ማንጋኒዝና አልካላይን አዮዳይድ ሲጨመሩ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ቡናማ ዝቃጭ ያወጣል፤ የሌለበት ነጭ ይሆናል። አሲድ ሲገባ ዝቃጩ ይሟሟና አዮዲን ይለቀቃል፤ መጠኑም ጠብታ በጠብታ በሚጨመር መለኪያ ፈሳሽ ይታወቃል።

እዚህ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስፒሩሊና እንዲህ በታጨቀበት ውሃ ጠርሙሱ ብዙ ከቆየ ኦክስጅኑ አረፋ ሆኖ ያመልጣል፤ የሙከራው ጊዜ ማጠር አለበት። ደግሞም ስሌቱ የቆመው ፍጥረቱ በብርሃንም በጨለማም እኩል ይተነፍሳል በሚል ግምት ላይ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ምርትን በኦክስጅን ፈንታ በራዲዮካርቦን የሚለኩ ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ያነሳሉ፤ የእነሱም ቁጥር ጠቅላላው ይሁን ትርፉ አሁንም ያከራክራል። ጠቅላላ ምርት ትርፍ አይደለም፤ ቀን የተመረተውን ሐይቁ ሌሊት አብዛኛውን መልሶ ሊተነፍሰው ይችላል። ሲነጋ የሚገኘው ዝቅተኛ ቁጥር ከቀትሩ ጋር ካልተነጻጸረ የሚያሳስተውም ለዚህ ነው።

ኪሎሌን በተመለከተ ደግሞ የ1973ቱን ቁጥር ለዛሬው ሐይቅ መጥቀስ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሞጆ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከተጠለፈ በኋላ ሶዳው ቀጠነ፤ ስፒሩሊናውም ቦታውን ለሌሎች ለቀቀ።