እንደራሴው አርብ ዕለት የት ይውላል?

የአሜሪካ የእርዳታ ዘይት ጣሳን የማያውቅ የአገር ቤት ሰው ጥቂት ነው። ዘይቱ ካለቀ በኋላ ጣሳው አይጣልም፤ እህል ይሰፈርበታል፣ ውኃ ይቀዳበታል፣ አፈር ተሞልቶ ጤና አዳም ይተከልበታል። ጎኑ ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች አሉ። ልጅ ሆኜ እነዚያን እጆች እያየሁ የማን ይሆኑ እያልኩ አስብ ነበር። አንደኛው የገበሬ፣ ሌላኛው የባሕረኛ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ከእውነቱ ብዙም ባልራቀ።

አሜሪካ ውስጥ እርሻ፣ መርከብ ግንባታና የባሕር አገልግሎት በአንድ ሕግ አውጪ የሳምንት ማስታወሻ ላይ ተከታትለው ሊጻፉ ይችላሉ። ጠዋት የወተት ገበሬ ጋ፣ ከሰዓት መርከብ መሥሪያ፣ በማግስቱ የባሕረኞች ትምህርት ቤት። እኛ የምናየው ፎቶግራፉን ነው፤ ቦት ጫማና የብረት ቆብ ያደረገ ሰው ከሠራተኞች ጋር ሲጨባበጥ። ከጉብኝቱ በኋላ የሚሆነው ግን ከፎቶግራፉ ይበልጣል፤ ለእኛም ይተርፋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 አባላት አሉት። ጉባኤ በሚኖርባቸው ሳምንታት አባላቱ በአብዛኛው ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማታ ዋሽንግተን ይገባሉ፤ ሐሙስ ወይም አርብ የመጨረሻውን ድምፅ ሰጥተው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይሮጣሉ። ነሐሴን ጨምሮ በዓመት ውስጥ ለምርጫ ክልል ሥራ ብቻ የሚተው ብዙ ሳምንት አለ። የጉዞውና በምርጫ ክልሉ ያለው ቢሮ ወጪ ከመንግሥት ካዝና ይሸፈናል፤ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ይፋ ስለሚወጣ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል። ይህን ጊዜ እንደ ዕረፍት የሚቆጥር ሰው አለ። እኔ ግን አዳራሽ ውስጥ የማይሰማ ነገር የሚሰማው በእነዚህ ቀናት ነው ባይ ነኝ።

ከ435ቱ አንዱን እንውሰድ። የኮኔቲከት ሁለተኛው የምርጫ ክልል የግዛቲቱን ምሥራቃዊ ግማሽ ይሸፍናል። እንደራሴው ጆ ኮርትኒ ናቸው። በ2006 ያሸነፉት ድምፁ እንደገና ከተቆጠረ በኋላ በ83 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው፤ አንድ መለስተኛ ሠርግ ላይ የሚታደመው ሰው ከዚያ ይበልጣል። እንዲህ ባለ ብልጫ የገባ ሰው እያንዳንዱን ጋጣና እያንዳንዱን የፋብሪካ በር ቢያንኳኳ አይገርምም።

ምሥራቅ ኮኔቲከት ድንጋያማ ኮረብታና የወተት ላም አገር ነው። ስቶርስ የሚገኘው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1881 ሲመሠረት የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። ወተት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ እስኪወጣለት አይጠብቅም። ላሟ በየቀኑ መታለብ አለባት፣ ቦቴው መጥቶ መቅዳት አለበት፣ ዋጋውን ደግሞ ገበሬው አይቆርጠውም። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ዝቅተኛው የወተት ዋጋ በየወሩ የሚሰላው በፌዴራል መንግሥት ቀመር ነው፤ መለኪያውም 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ግድም ነው።

በ2018 በወጣው የእርሻ ሕግ ለዚህ የሚሆን መድን አለ። በወተት ዋጋና በመኖ ወጪ መካከል ያለው ልዩነት ገበሬው መድን ከገባበት መጠን በታች ሲወርድ መንግሥት ጉድለቱን ይሞላል። 100 ፓውንድ ወተት 20 ዶላር ተሽጦ መኖው 12 ዶላር ቢወስድ፣ 8 ዶላር ይቀራል። ገበሬው በከፍተኛው ጣሪያ፣ በ9 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገብቶ ከሆነ፣ በየ100 ፓውንዱ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይታሰብለታል። ይህ ጣሪያ የሚሠራው እስከ ተወሰነ የወተት መጠን ድረስ ብቻ ስለሆነ ጥቅሙ ወደ አነስተኛው ገበሬ ያደላል። ችግሩ ስሌቱ የአገሪቱን አማካይ ዋጋ መውሰዱ ነው። መኖውን ከሩቅ የሚያስመጣ ገበሬ ከአማካዩ በላይ ይከፍላል፤ ለእሱ ወረቀት ላይ ያለው 12 ዶላር ኪሱ ውስጥ 12 አይደለም። ስለዚህ ገበሬ እንደራሴውን ጋጣ ድረስ ሲጋብዝ ዋናው ነገር ላሞቹን ማሳየት አይደለም። የመኖ ደረሰኙንና የወተት ክፍያ ወረቀቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሕግ ሲሻሻል የሚከራከሩት በዚያች ልዩነት ላይ ነውና።

ከዚህ የገጠር መንገድ ወደ ደቡብ ሲወረድ ቴምዝ የሚባል ወንዝ ዳር ግሮተን ከተማ ይገኛል። በ1899 የተመሠረተው ኤሌክትሪክ ቦት የተባለው ኩባንያ ሰርጓጅ መርከቦችን የሚሠራው እዚያ ነው። በዓለም የመጀመሪያዋ በኑክሌር ኃይል የምትሄድ ሰርጓጅ መርከብ፣ ናውቲለስ፣ በጥር 1954 ውኃ የነካችው እዚሁ ነው፤ ዛሬ እዚያው ከተማ ሙዚየም ሆና ቆማለች።

የመርከብ ግቢውን ታሪክ ለመረዳት ከብረቱ ይልቅ በያጁን መመልከት ይሻላል። በሚያዝያ 1963 ትሬሸር የምትባል ሌላ ግቢ የተሠራች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ በሙከራ ላይ እያለች ሰጥማ 129 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች ዋና መነሻ ነው ብለው የገመቱት የባሕር ውኃ በሚተላለፍበት ቧንቧ ላይ የከሸፈ መጋጠሚያን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመርከቧ ደኅንነት ወሳኝ የሆነ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ይፈተሻል፣ ይመዘገባል፣ ማን እንደሠራውም ይታወቃል። እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ዓመት አይወጣም። ቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ በ1990ዎቹ ትእዛዝ ሲቀንስ ግቢው ሠራተኞቹን በሺዎች አሰናበተ። የሄደው በያጅ ቤት ሠሪ ሆነ፣ ሾፌር ሆነ፣ ጡረታ ወጣ፤ ልጁንም ወደዚያ ሙያ አልላከም። ዛሬ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በዓመት ሁለት ቨርጂኒያ የሚባሉ ሰርጓጅ መርከቦች ቢፈልግም፣ ግሮተንና አጋሩ የቨርጂኒያ ግዛቱ ኒውፖርት ኒውስ ግቢ ባለፉት ዓመታት ሲያስረክቡ የቆዩት በአማካይ ከአንድ ትንሽ የሚበልጥ ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዳቸው 170 ሜትር የሚረዝሙ 12 ኮሎምቢያ የተባሉ መርከቦች ተጨምረዋል። ገንዘቡ ተፈቅዷል፤ እጁ ነው የጠፋው።

አንድ እንደራሴ እዚህ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? መርከብ እንዲሠራ ማዘዝ አይችልም። ሁለት ነገር ግን በእጁ አለ። አንደኛው በየዓመቱ በሚወጣው የመከላከያ ሕግ ግዢው እንዲፈቀድ ማድረግ፣ ሁለተኛው በበጀት ሕጉ ገንዘቡ እንዲመደብ መሟገት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች ናቸው፤ አንዱ ያለሌላው ባዶ ነው። ኮርትኒ ገና አዲስ ሳሉ በ2007 ለሰርጓጅ መርከቦች የቅድሚያ ግዢ የሚውል 588 ሚሊዮን ዶላር እንዲጨመር ከገፉት አንዱ ነበሩ። ከ2011 በጀት ዓመት ጀምሮ በዓመት ሁለት መግዛት ተጀመረ፤ እሳቸውም «ባለ ሁለት ሰርጓጁ ጆ» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ወደ ሠራተኛ ዞሯል። ከ2016 ጀምሮ በአካባቢው ያለ ምንም ክፍያ በጥቂት ሳምንታት ብየዳና መሰል ሙያ የሚያስተምር ፕሮግራም አለ፤ ማስቀጠያ ገንዘቡም በከፊል የሚፈለገው ከፌዴራል በጀት ነው። ሐሙስ ማታ የተቆጠረ ድምፅ አርብ ጠዋት የብየዳ ክፍል ውስጥ እሳት ሆኖ ይታያል።

ከወንዙ ማዶ ኒው ለንደን ውስጥ የኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂ) አካዳሚ አለ። መነሻው 1876 ነው። ዕጩ መኮንኖቹ የሚለማመዱባት ኢግል የምትባል የሸራ መርከብ በ1936 ሐምቡርግ ውስጥ የተሠራች ስትሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለአሜሪካ በካሳ ተሰጥታለች። ስለ ባሕር ትምህርት ቤቶች ወላጆች ማወቅ ያለባቸው ነገር ስላለ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጣሳው። 1954 ለዚህ ታሪክ ልዩ ዓመት ነው። ናውቲለስ ውኃ በነካችበት በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የአሜሪካ ትርፍ እህል ወደ ውጭ አገር እንዲሄድ የሚያስችለውን፣ በኋላ «ምግብ ለሰላም» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። በነሐሴ ደግሞ መንግሥት ከሚልከው ጭነት ቢያንስ ግማሹ የአሜሪካ ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች እንዲጫን የሚያዝ ሕግ ወጣ። የእህል ዕርዳታ ላይ ያለው ድርሻ በ1985 ወደ 75 በመቶ ከፍ ብሎ፣ በ2012 ወደ 50 ተመልሷል። እንግዲህ ስንዴው የካንሳስ ገበሬ፣ መርከቡ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ባሕረኛው የአሜሪካ ባሕረኛ፤ ተቀባዩ ጭነቱን ከጅቡቲ ወደብ የሚጠብቅ የወሎና የትግራይ ሰው። ኮኔቲከት የዕርዳታ ስንዴ አታመርትም። ግን የስንዴ አገር እንደራሴ የወተት አገሩን ሲደግፍ፣ የወደብ ከተማው እንደራሴ ደግሞ ለሁለቱም ድምፅ ሲሰጥ ነው የምግብ ዕርዳታውንም የያዘው የእርሻ ሕግ የሚያልፈው። ከዚያ ሕግ ወጪ ከሦስት አራተኛ ያላነሰው ለድሃ አሜሪካውያን የምግብ ድጎማ ስለሚሄድ የከተማ እንደራሴዎችም ይገቡበታል።

እዚህ ላይ ጉብኝት ብቻውን የማያሳየው ነገር አለ። የኮንግረስ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ከሚያዝያ 2011 እስከ 2014 በጀት ዓመት መጨረሻ ድረስ በአሜሪካ መርከብ የመጫን ግዴታው የምግብ ዕርዳታ ማጓጓዣን 107 ሚሊዮን ዶላር፣ ማለትም 23 በመቶ አስወድዶታል። ያ ገንዘብ እህል ሊሆን ይችል ነበር። ግዴታውን የሚደግፉት በጦርነት ጊዜ አገሪቱ የራሷ ባሕረኞች ያስፈልጓታል ይላሉ፤ ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ ያሉት የአሜሪካ ባንዲራ መርከቦች 80 ያህል ብቻ ሲሆኑ የቻይና 5,500 ገደማ ነው። ይህን ለመለወጥ የሁለቱም ፓርቲ አባላት በታኅሣሥ 2024 ባቀረቡት ረቂቅ በአሥር ዓመት 250 መርከቦች የሚኖሩት የንግድ መርከብ ኃይል እንዲገነባ ጠይቀዋል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ለአገር መከላከያ የሚያስፈልግ ባሕረኛ ከመከላከያ በጀት ይከፈለው እንጂ ከተራበ ሰው ስፍር አይቀነስ። መርከብ ግቢውን የጎበኘ እንደራሴ በያጁን አይቷል፤ ቆቦ ወይም ሰቆጣ ሆና ስፍሯን የምትጠብቀዋን እናት ግን አላየም። ጉብኝት ቅርቡን ያጎላል፣ ሩቁን ያደበዝዛል።

ሩቁን ማቅረብ የሚችል ሰው ግን አለ። በአሌክሳንድሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል የምትኖሩ ወገኖች እንደራሴ አላችሁ። ቢሮው በሰፈራችሁ ነው። የቆየ የቤተሰብ ማመልከቻ፣ የዘገየ ፓስፖርት፣ የተቋረጠ ጡረታ ካለ፣ ጉዳያችሁን እንዲያይ የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ ብትሰጡት መሥሪያ ቤቱን ጽፎ ይጠይቅላችኋል። ውሳኔውን መቀየር አይችልም፤ መልስ እንዲሰጥ መጠየቅ ግን ይችላል፣ ይህም ብዙ ጊዜ ፋይሉን ከተኛበት ያስነሳል።

ለልጆች ደግሞ ሌላ በር አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ኪንግስ ፖይንት ላይ ያለው የንግድ መርከብ አካዳሚ የፌዴራል መንግሥት የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍንበት ተቋም ነው። ተማሪዎቹ በጠቅላላው አንድ ዓመት ያህል በእውነተኛ የንግድ መርከቦች ላይ ተሳፍረው ይማራሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 142 ተማሪዎቹ ባሕር ላይ ሞተዋል። ሲመረቁ ዲግሪና የባሕረኛ መኮንን ፈቃድ ይይዛሉ፤ በምትኩም አብዛኞቹ አምስት ዓመት በባሕር ሙያ፣ ስምንት ዓመት በተጠባባቂ መኮንንነት ያገለግላሉ። ለመግባት የአሜሪካ ዜግነት፣ ጥሩ የሒሳብና የሳይንስ ውጤት፣ ጤናማ አካል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእንደራሴ ወይም ከሴናተር የሚሰጥ የዕጩነት ጥቆማ ያስፈልጋል። ዌስት ፖይንት፣ አናፖሊስና የአየር ኃይል አካዳሚም ጥቆማ ይጠይቃሉ። ኒው ለንደን ያለው የኮስት ጋርድ አካዳሚ ግን ጥቆማ አይጠይቅም፤ ተማሪው በቀጥታ ያመለክታል።

ጥቆማው ለዘመድና ለባለሥልጣን ልጅ ብቻ የሚመስለው ወላጅ ብዙ ነው። አይደለም። ማመልከቻው ቅጽ መሙላት፣ ድርሰት መጻፍ፣ የመምህራን ድጋፍ ደብዳቤ ማቅረብና ለቃለ መጠይቅ መቅረብ ነው። ተማሪው እንደራሴውንና የግዛቱን ሁለት ሴናተሮች፣ ሦስቱንም መጠየቅ ይችላል። ብዙ ቢሮዎች ማመልከቻ የሚዘጉት ልጁ 12ኛ ክፍል በገባበት መኸር ላይ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ የሰማ ወላጅ ረፍዶበታል። ልጃችሁ 11ኛ ክፍል ከሆነ በዚህ ሳምንት ደውሉ።