ጊነስ ያልመዘገባት የጋምቤላ ልጅ

ይህችን ፎቶ ሳታዩዋት አትቀሩም። ቆዳዋ የሚያብረቀርቅ፣ ፈገግታዋ የሚማርክ ወጣት ሞዴል ናት፤ ከፎቶው ሥር «ከዓለም እጅግ ጥቁር ሴት ተብላ ጊነስ ላይ ተመዘገበች» የሚል ጽሑፍ አለ። ስሟ ኒያኪም ጋትዌች ነው። ዜናው ለዓመታት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ኖሯል፤ ሰውም «አቤት!» እያለ ለወዳጁ ያስተላልፈዋል።

ወዳጆቼ፣ ዜናው ውሸት ነው። ጊነስ ራሱ የቆዳ ቀለምን በተመለከተ ምንም ዓይነት ክብረ ወሰን እንደማይመዘግብ በግልጽ ተናግሯል። ለምን እንደማይመዘግብ መረዳት ደግሞ ሌላ ብዙ ነገር ስለሚከፍትልን ትንሽ እንቆይበት። የጊነስ የክብረ ወሰን መጽሐፍ የተወለደው ከአደን ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ኃላፊ የነበሩት ሂዩ ቢቨር አየርላንድ ውስጥ ለአደን ወጥተው ሳለ፣ ከሚታደኑት የአውሮፓ ወፎች ፈጣኑ የትኛው ነው በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ፤ መልሱን የያዘ መጽሐፍ ግን ጠፋ። የመጀመሪያው እትም በ1955 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ መመዘኛ ጥብቅ ነው፤ አንድ ነገር ክብረ ወሰን የሚሆነው በአንድ ወጥ መንገድ ሲለካ፣ በማስረጃ ሲረጋገጥና ሌላ ሰው ሊሰብረው ሲችል ነው። የሰው ቆዳ በፀሐይ ይለወጣል፣ ፊትና ክንድ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የምናየው ፎቶ ደግሞ የመብራትና የካሜራ ሥራ ነው። ደግሞስ የቆዳ ቀለምን ክብረ ወሰን ልሰብር ብሎ የሚነሣ ማን ነው?

እኔን የሚቆጨኝ ግን ውሸቱ የሸፈነው እውነት ነው። የኒያኪም ወላጆች በጦርነት ምክንያት ከደቡብ ሱዳን፣ ከማይውት አካባቢ ተሰደው ጋምቤላ ገቡ፤ እሷም የተወለደችው እዚሁ እኛ አገር፣ ጋምቤላ ነው። ከዚያ ወደ ኬንያ የስደተኞች መጠለያ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ደግሞ ወደ አሜሪካ፤ መጀመሪያ ቡፋሎ፣ በኋላ ሚኒሶታ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስሟን ያስጠራው አንድ አጭር የኢንስታግራም ጽሑፏ ነበር። የተሳፈረችበት የኡበር ሹፌር፣ አሥር ሺህ ዶላር ቢሰጥሽ ቆዳሽን ታነጪዋለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ እሷ ግን ሳቀችበት፤ ቀለሟን እንደምትወደውም ነገረችው። በየሱቁ የማንጫ ክሬም በሚሸጥበት ዓለም ለሚያድጉ ልጃገረዶች ይህ ከባድ ንግግር ነው። ያንን ንግግሯን ጣሉትና አንድ የሐሰት ማዕረግ አንጠለጠሉላት።

ለምን እንዲህ ይደረጋል? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። ገጹና ቻናሉ የሚከፈላቸው ለሚታየው ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ርእሱ እጃችሁን እስኪያስነካ ድረስ መጮኽ አለበት። «ሰበር»፣ «ጉድ ፈላ»፣ «ያልተጠበቀው»፣ «እንባ ያራጨው» የሚሉትን ቃላት ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ርእሱ ላይ ቃል የተገባው ነገር ቪዲዮው ውስጥ ስትጠብቁት ለምን ቶሎ አይመጣም? ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስምንት ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሐል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ከዚያ በታች የሆነው መሐሉ ላይ ማስገባት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ የሚበቃው የአንድ ዘፋኝ ፍቺ በመግቢያ፣ በድጋሚና በ«አብራችሁን ቆዩ» ተለጥጦ ስምንት ደቂቃ ያልፋል።

ይሁን እንጂ ገንዘብ ብቻውን አያስረዳውም፤ ዩቲዩብ ሳይፈጠርም ነገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ዮሃን ጋልቱንግ እና ማሪ ሩገ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውሶች በአገራቸው ጋዜጦች ላይ ተከታትለው፣ አንድ ክስተት ዜና የሚሆነው በምን በምን ምክንያት እንደሆነ ለመለየት ሞከሩ። ካገኟቸው መካከል ሦስቱን ያዙልኝ። ዜና ኃያል አገርን ይመርጣል፤ ታዋቂ ሰውን ይመርጣል፤ ሰፊ ጉዳይን በአንድ ሰው ፊት መናገር ይወዳል። ከነዚህም የሚከተለውን አስከፊ ነገር ጽፈውታል፤ አገሩ ሩቅና ደሃ፣ ሰውየውም ተራ ሰው ከሆነ፣ ወደ ዜና የሚገባው መከራው በጣም ሲከፋ ነው።

አሁን ይህን ይዘን ኩሌ እንግባ። ኩሌ በጋምቤላ ክልል ኢታንግ ልዩ ወረዳ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ በፓጋክ በኩል ድንበር ለተሻገረው ሕዝብ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ተከፈተ። ፓጋክ የማይውት አካባቢ ከተማ ናት፤ የኒያኪም ወላጆች አገር ማለት ነው። ነዋሪው በአብዛኛው ኑዌር ሲሆን ቁጥሩ ከ40 ሺህ በላይ ነው፤ ብዙ የወረዳ ከተሞቻችን ያን ያህል ሰው የላቸውም። ትምህርት ቤት አለ፣ ገበያ አለ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የሚያክምበት ጤና ተቋም አለ። ታዲያ ኩሌ የሚለውን ስም ዜና ላይ የሰማችሁት ስንት ጊዜ ነው? ከሰማችሁስ፣ ወረርሽኝ ወይም ግጭት ያልነበረበት ዜና ትዝ ይላችኋል?

አንድ ሳምንት ልጥቀስላችሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር ዞን መንደሮች ላይ ጥቃት ከፈቱ። መንግሥት እንዳስታወቀው ከ200 በላይ ሰው ተገደለ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወሰዱ፣ ከብቱም በሺዎች ተነዳ። አገሪቱ ብሔራዊ ሐዘን አወጀች፤ ሠራዊቱ ልጆቹን ፍለጋ ድንበር ተሻገረ። ከስድስት ቀን በኋላ ዘፋኙ ፕሪንስ ሚኒሶታ በሚገኘው መኖሪያውና ስቱዲዮው ሞቶ ተገኘ።

የዓለም ሚዲያ ጋምቤላን ረሳ ብዬ አልወቅስም፤ ቢቢሲም አልጀዚራም ዘግበዋል። ልዩነቱ ዝርዝሩ ላይ ነው። ፕሪንስ የሞተው አሳንሰር ውስጥ እንደሆነ እናውቃለን። የምርመራው ውጤት ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ወጥቶ ፌንታኒል የተባለው መድኃኒት እንደገደለው እስኪነገር ድረስ፣ ሳምንታት ሙሉ ምን ወስዶ ይሆን፣ ከማን ጋር ነበር፣ ሀብቱን ማን ይወርሳል የሚለው ሲተነተን ከረመ። የታፈኑት ልጆች ግን ለዓለም ቁጥር ነበሩ። ቁጥሩም ከቀን ቀን ይለዋወጥ ነበር። የልጆቹ ስም ይውጣ ማለቴ አይደለም፤ ለደኅንነታቸው ሲባል መሸሸጉም ተገቢ ነው። ግን ስንቶቹ ተመለሱ፣ በማን ድርድር፣ ወደ ምን ዓይነት ቤት የሚለው ለሳምንታት የሚከታተለው ጋዜጠኛ ያስፈልገው ነበር። ሚኒሶታ ብዙ የኑዌር ተወላጆች የሚኖሩበት ክፍለ ግዛት መሆኑን ሳስብ፣ ሁለቱም ሐዘን በአንድ ሳምንት እዚያው ደጅ እንደደረሰ ይገባኛል።

ለፕሪንስ ያለቀሰውን ሰው ግን አልነቅፍም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 እንደጻፉት፣ በቴሌቪዥን ዘወትር የምናየውን ሰው አእምሯችን እንደ ወዳጅ ይቆጥረዋል፤ እሱ አያውቀንም፣ እኛ ግን ድምፁን፣ አሳሳቁን፣ ሐዘኑን እናውቃለን። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ሲያርፍ አዲስ አበባ እንዴት እንዳለቀሰች ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ያ እንባ እውነተኛ ነበር፤ ድምፁ በየቤታችን ለአሥርት ዓመታት ኖሯልና። አስቸጋሪው በዚህ እውነተኛ ፍቅር የሚሸቅጥ ሰው ነው፤ በቁም ያሉትን አርቲስቶች «አረፉ» ብሎ የሚለጥፈው ያ ሰው ፍቅራችንን ዐውቆ ነው የሚነግድበት።

ሆኖም ታዋቂ ሰው ሩቅ ቦታን ሊያቀርብልን ይችላል። ይህ ሲሆንም ሲበላሽም በአንድ ፊልም ላይ አይቻለሁ። «ዘ ጉድ ላይ» የወጣው ኩሌ በተከፈተበት በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቀደመው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ወላጆቻቸውን አጥተው በእግር ስለተሰደዱ የደቡብ ሱዳን ልጆች ይተርካል። ከተዋናዮቹ አንዷ ኩኦት ዊል ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደች ናት። ሌላው ተዋናይ ጌር ዱዋኒ በልጅነቱ ኢታንግ ኖሯል፤ አዎ፣ ዛሬ ኩሌ ያለበት ኢታንግ። ፖስተሩን ተመልከቱት። ትልቁ ፊት የሪስ ዊተርስፑን ነው፤ በፊልሙ ውስጥ ስደተኞቹን ሥራ የምታስገባውን አሜሪካዊት የምትጫወተው እሷ ናት። መንገዱን በእግራቸው የተጓዙት ልጆች ከሥሯ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ። አከፋፋዩ ያሰበው ግልጽ ነው፤ ሰው ትኬት የሚቆርጠው ለሚያውቀው ፊት ነው። ፊልሙ ራሱ ከፖስተሩ በጣም ይሻላል፤ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ጌር ዱዋኒ ያደረገውን ነው የምወድለት። እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነ፤ ዝናውን ስለ መጠለያዎቹና ስለሚኖሩባቸው ልጆች ለመናገር ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ የእንግሊዝኛው ርእስ «ዎክ ቶዋርድ ዘ ራይዚንግ ሰን» ይባላል። ኩሌ ያሉት ልጆች የተጓዙበትን ዓይነት መንገድ ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የምሰጠው ይህን መጽሐፍ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ወዳጅ ካላችሁ ምዕራፍ በምዕራፍ እያነበበ በአማርኛ እንዲተርክላችሁ ጠይቁት፤ ከብዙ ስምንት ደቂቃዎች ይበልጣል።