«ልጅሽ ደቡብ አፍሪካ ነው» ተብላ ከሴፍቲኔት የወጣችው አክስቴ

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቄ ውስጥ የአንድ ደንበኛ ስክሪን እየቀየርኩ ሳለ አክስቴ ገባች። ከገጠር ስትመጣ ቆጮ ሳትይዝ አትመጣም። የዚያን ቀን ግን በእጇ የነበረው አንድ ጥቁር ፌስታል ብቻ ነው። ሳትቀመጥ፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ፣ «ልጄ፣ ጊደሯን የሚገዛ ሰው ፈልግልኝ» አለችኝ።

ደነገጥኩ። አጎቴ ከሞተ ወዲህ አክስቴ ያላት ሀብት የጓሮ እንሰቷና ያቺ ጊደር ናቸው። ጊደሯም ልትወልድ ሁለት ወር ቢቀራት ነው።

«ምን ሆነሽ አክስቴ?»

«የሴፍቲኔቱን ብር መልሺ ብለውኛል። ካልመለስሽ ትከሰሻለሽ አሉኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ አርጅታለች፣ አንድ ዓይኗም በደንብ አያይም፤ በዚህ ምክንያት በሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ ታገኝ ነበር። አራት ወር ግን አልተከፈላትም። ስትጠይቅ «አንቺ ተመርቀሻል» አሏት። በሴፍቲኔት ቋንቋ «ምረቃ» ማለት ራስን ቻልሽ፣ ከዝርዝሩ ወጣሽ ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ «ልጅሽ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ብር እየላከልሽ የድሃ ድርሻ ስትበዪ ኖረሻል፤ የሁለት ዓመቱን መልሺ» ተባለች። አንዱ ኃላፊ 11 ሺህ ብር አላት፤ ሌላኛው 9 ሺህ። ሁለቱም በቃል ነው የነገሯት።

ፌስታሉን ከፈትኩ። የተጠቃሚ ካርዷ፣ የባንክ ደብተሯና የአጎቴ መታወቂያ አለ። «መልሺ» የሚል ወረቀት የለም።

ሴፍቲኔት ምንድን ነው?

ከተማ ላደግን ልጆች ይህ ነገር ሩቅ ስለሚመስለን ትንሽ ላብራራ። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ፕሮግራም ነው። በየዓመቱ የምግብ ክፍተት ለሚገጥማቸው የገጠር ቤተሰቦች ጥሬ ገንዘብ ወይም እህል ይሰጣል። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ከዚያ ይከፈለዋል። መሥራት የማይችለው፣ ማለትም አረጋዊው፣ አካል ጉዳተኛው፣ በጽኑ የታመመው፣ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። በሀዲያና በከምባታ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ጉልበት ያለው ገበሬ እንኳ በክረምት መግቢያ ጎተራው የሚራቆትባቸው ቀበሌዎች አሉን።

ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለው በየጊዜው ይከለሳል። መሬት፣ ከብት፣ የቤተሰብ እርዳታ ይታያል። ከውጭ የሚላክ ገንዘብም ይታያል፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ነው። በየወሩ ከልጁ በቂ ብር የሚላክለት ሰው ምንም የሌለውን ሰው ቦታ መያዝ የለበትም።

ችግሩ እኛ አካባቢ «ልጁ ደቡብ አፍሪካ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን እንደ ማስረጃ መቆጠሯ ነው። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ሺንሺቾ ፎቅ ሲታይ «የደቡብ አፍሪካ ብር ነው» ይባላል። አንዳንዱ እውነትም ነው። ግን ሁሉም የሄደ አይደርስም፤ ሁሉም የደረሰ አይልክም። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ከተማ ዳር የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ሲገኝ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሳይሆኑ አይቀሩም መባሉን ሰምተን እዚህ ስንት ቤት ስልክ ሲደውል እንዳደረ እናውቃለን። የዚያን ሌሊት ስልክ የደወለች እናት ሁሉ በጎረቤት ግምት ባለ ብር ናት።

«ምንም አልላከልኝም በልልኝ»

አክስቴ ይግባኝ እንበል ስላት መጀመሪያ ያለችኝ «ምንም አልላከልኝም ብለህ ጻፍልኝ» ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም አስቤው ነበር። ግን የአክስቴ ልጅ ከደረሰ በኋላ አንድ ጊዜ ብር ልኳል። 30 ሺህ ብር። እኔ ራሴ ነኝ ባንክ ይዣት የሄድኩት።

ከባንክ ስቴትመንት አወጣን። 30 ሺህ ገብቷል። በማግስቱ 28 ሺህ ወጥቷል። የወጣው ለጉዞው ለተበደርንበት ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ከሴፍቲኔቱ ክፍያ በስተቀር በሂሳቧ የገባ ብር የለም። የልጁ ሱቅ ተዘርፎበት እሱም በሰው ቤት ተቀጥሮ ነው ያለው።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። «ምንም አልተላከልኝም» ብለን ብንጽፍና ኮሚቴው ስቴትመንቱን ቢጠይቅ፣ በጥርጣሬ የተጀመረው ነገር እውነተኛ ማጭበርበር ይሆን ነበር። ሙሉውን ብንናገር ግን የሚረዳን ያው ወረቀት ነው። ስለዚህ «አክስቴ፣ 30 ሺህዋን አንደብቅም፤ የት እንደገባች ነው የምናሳየው» አልኳት። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» አለች።

ሌላው ክስ የቆርቆሮ ቤቷ ነበር። «ልጇ ባይልክላት ቆርቆሮውን ከየት አመጣችው?» ተብሏል። ቆርቆሮውን የመታው ግን አጎቴ ነው። እንዴት እናስረዳ ስል ስልኬ ትዝ አለኝ። በአጎቴ ለቅሶ ላይ ያነሳሁት ፎቶ አለ፤ ከድንኳኑ በስተጀርባ ቆርቆሮው ፍንትው ብሎ ይታያል። የፎቶውን ዝርዝር ስከፍተው ቀኑ ልጁ ከመሄዱ ሁለት ዓመት ይቀድማል። አሳተምኩት።

ቀበሌ ሄድን

መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ አክስቴ ትመልስ የተባለችበትን ውሳኔ በጽሑፍ ይስጡን። ስንት ብር፣ የየትኞቹ ወራት፣ በምን ምክንያት የሚለውን።»

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበሩም። ትንሽ ዝም አሉና «በጽሑፍ አልተወሰነም» አሉ።

«ታዲያ የምን ክስ ነው?»

«ተብሏል ነው እንጂ…»

በቃ፣ ጊደሯ ልትሸጥ የነበረው «ተብሏል» በሚል ቃል ነው።

በየቀበሌው የሴፍቲኔት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር የፕሮግራሙ መመሪያ ያዛል። ኮሚቴው ዝርዝሩን ከሚያወጣው አካል የተለየ ነው። እዚያ ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ወረዳ ይሄዳል። አንድ ገጽ ተኩል አቤቱታ ጻፍን። የቀረችውን ክፍያና የመመለሱን ጉዳይ ለየብቻ አስቀመጥን። ስቴትመንቱን፣ አበዳሪው «ተቀብያለሁ» ብሎ የፈረመበትን ወረቀትና ፎቶውን አያያዝን። በሁለት ቅጂ አድርገን አንዱን ገቢ ስናደርግ በሌላኛው ላይ ቀንና ማኅተም አስመታን።

ኮሚቴው ፊት ስንቀርብ አንዲት ትልቅ ሴት ጠንካራውን ጥያቄ ጠየቁ። «ብሩ ሲመጣ ለምን አልተናገርሽም?» አክስቴ አንገቷን ደፋች። «ለእኔ የመጣ አልመሰለኝም። ለባለዕዳው ነው የመጣው። እኔ በእጄ አሳልፌ ሰጠሁ» አለች። ማንም ወዲያው አልመለሰም።

ውሳኔው ሦስት ሳምንት ፈጀ። «መልሺ» የተባለው መሠረት የለውም ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። አክስቴም ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ወደ ዝርዝሩ እንድትመለስ ተወሰነ። ያለፉት አራት ወራት ግን አልተከፈሏትም። ለእነሱ ወረዳ አመልክተናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው። ሙሉ ድል ነው አልላችሁም።

የእኛ ብቻ አይደለም

ይህን ስከታተል ያነበብኩት ነገር አስገረመኝ። ሀብታሞቹ አገሮችም በዚህ ወድቀዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች የልጅ እንክብካቤ ድጎማ አጭበርብራችኋል ተብለው እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መልሱ ተባሉ። ብዙዎቹ የውጭ አገር ዝርያ ያላቸው ነበሩ። ስህተት መሆኑ ሲጋለጥ በጃንዋሪ 2021 መንግሥቱ ሥልጣን ለቀቀ። አውስትራሊያ ደግሞ «ሮቦዴት» የሚባለው አሠራር የሰውን የዓመት ገቢ በኮምፒዩተር አማካይ እያካፈለ የሌለ ዕዳ ይልክ ነበር። ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ተሰርዞ፣ በ2023 አጣሪ ኮሚሽን ክፉኛ አወገዘው።

እዚያ የገመተው ኮምፒዩተር ነው፤ እኛ ጋ ጎረቤት። በሁለቱም ቦታ ግን «እኛ ገምተናል፣ አንተ አስተባብል» ነው የተባለው።

ሕጋችን በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ አግባብ የተከፈለ ገንዘብ ሊመለስ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ «አልመልስም፣ መብቴ ነው» ማለት ብቻ አያዋጣም። ግን ይመለስልኝ የሚለው ወገን ያለ አግባብ መከፈሉን ማስረዳት አለበት። ጉዳያችሁ ከፌዴራል መሥሪያ ቤት ጋር ከሆነ፣ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። በጡረታም እንዲሁ ነው። የሟች አባት ጡረታ ለልጆች ሲከፈል ቆይቶ «ትርፍ ተከፍሏል» ሊባል ይችላል፤ ለዚህም የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ።

ስልክ የያዝን ልጆች ሥራ

እናቶቻችንና አባቶቻችን ማኅተም ሲያዩ ይፈራሉ። እኛ ግን ስልክ አለን። ከአክስቴ ጉዳይ የተማርኩት ይህን ነው።

አንደኛ፣ ወረቀት ጠይቁ። ስንት ብር፣ የመቼ፣ በምን ምክንያት። በቃል የተነገረ ዕዳ አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ ሳይነበብላቸው የጣት አሻራ እንዳያደርጉ ንገሯቸው። ብዙ ሰው «አምኛለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ሳያውቅ ይፈርማል።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ማታ የተጠቃሚ ካርዱን፣ የባንክ ደብተሩን፣ የጡረታ መታወቂያውን ፎቶ አንሱ። የባንክ መልእክቶችን አታጥፉ። ፌስታል ይጠፋል፣ አይጥም ይበላዋል።

አራተኛ፣ የሚጎዳ የሚመስለውን እውነትም ተናገሩ። ቀድማችሁ ከተናገራችሁት ማብራሪያ ነው፤ ሌላ ሰው ካወጣው ግን ክስ ነው። በእርግጥ ሳይገባው የወሰደ ሰው ካለም አይደብቅ፤ መጠኑ በጽሑፍ ይሰላለት፣ እንደ አቅሙ በየወሩ ልክፈል ብሎ ያመልክት።

አምስተኛ፣ ያለ ደረሰኝ ለማንም በእጅ ብር አትስጡ። «ለእኔ ስጠኝ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ካለ ዕዳው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ስድስተኛ፣ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ይኑራችሁ። ቀበሌ ካልሰማ ወረዳ፣ ከዚያም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የሕግ ትምህርት ቤት ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ገብታችሁ ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ እንደገና ሱቄ መጣች፤ ቆጮም ይዛ። ጊደሯ ወልዳለች። አክስቴ ቁጭ ብላ ውሃዋን ጠጣችና ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የጎረቤቷ ነው፤ እሷም «ልጅሽ ደቡብ አፍሪካ ነው» ተብላለች።

«ለእሷም ጻፍላት» አለችኝ። «ግን መጀመሪያ እውነቱን ጠይቃት።»