የባንኮክ ገበያና የተቆጠረች ዶላር

ለሕክምና ወይም ለንግድ ባንኮክ የሚዘልቅ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። በኪሱ ያለችው ዶላር ግን የተቆጠረች ናት። ብዙዎቻችን መፍትሔው ዋጋ መከራከር ብቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከክርክሩ የሚቀድም ነገር አለ፤ የቱን ዕቃ ከየት እንደምንገዛ መለየት።

በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች ያሉት ቻቱቻክ ዋነኛ ገበያው ቅዳሜና እሁድ ነው፤ በከተማው ባቡር ሞ ቺት ጣቢያ ወርዶ በእግር ይደረሳል። ልብስ ፈላጊ ወደ ፕራቱናም ይሂድ፤ የሴን ሴፕ ቦይ ጀልባ ከመንገድ መጨናነቅ አውጥቶ በርካሽ ያደርሰዋል። በፕራቱናምም ሆነ በቻይናዎች ሠፈር በሚገኘው ሳምፔንግ ብዙ ነጋዴዎች የነጠላና የጅምላ ዋጋ ለይተው ይጠራሉ። ሦስት አራት ፍሬ የወሰደ የጅምላውን ሊያገኝ ስለሚችል ከጓደኛ ጋር ተዳብሎ መግዛት ያዋጣል።

የጎዳና ሻጭ ግን ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ አይሰጥም። ውሉ የቃል ነው፤ ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት መከራከሪያ ማስረጃ የለም። ታይላንድ ቱሪስት ከከፈለው 7 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ ተመላሽ የምታደርገውም ለዚሁ ከተመዘገበ መደብር በቀን ቢያንስ 2,000 ባት ለገዛና ሰነዱን ይዞ ለቀረበ ነው።

ስለዚህ ሻርፑንና ቲሸርቱን ከጎዳና፣ ስልኩንና ካሜራውን ደረሰኝ ከሚሰጥ መደብር መግዛት ይበጃል።