የተጨማደደው ሃይላንድ

መጋዙ ደብረ ብርሃን ላይ ባህር ዛፍ ሲጥል የከረመ ነው። ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ ጎርፍ የገነደሰውን የአጎቴን ግራር ልቆራርጥ ሳስነሳው ግን ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ቀጭን፣ ጥርት ያለ ጩኸት። ጋዝ ስሰጠው መጀመሪያ ያመነታል፣ ከዚያ ባንዴ ይፈተለካል፤ ስለቀው ደግሞ ሚኒሞው አይረጋም፣ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጉልበት ጨመረ እኮ!» አለ አጎቴ። እውነት ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ቅርንጫፍ ከቆረጥኩ በኋላ ግን የተቃጠለ ሰጋቱራ ሸተተኝና አጠፋሁት።

ካንዴላውን ፈታሁት። የጤነኛ ሞተር ካንዴላ ጫፉ የሽሮ ዱቄት መልክ አለው፤ የዚህኛው አመድ መስሎ ነጥቷል። ቤንዚን ጠምቶታል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ዘይቱ የሚደርሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ እኔ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር እጨምራለሁ። ቤንዚኑ ሲያንስ ዘይቱም አብሮ ያንሳል፤ ፒስተኑ በጣም በሚግልበት ሰዓት ማለስለሻው ይጎድልበታል፣ ከሲሊንደሩ ጋር ይፋፋቃል፣ ይጣበቃል። ያ ያስደሰተን ጩኸት ለካ የጣር ነው።

የታንከሩን ፊልትሮ አውጥቼ አጠብኩ። ያው ነው። ክዳኑ አየር አላስገባ ብሎ ይሆናል ብዬ ላላ አደረግሁት። ያው ነው። በመጨረሻ የሽንኩርት ማሳ ፓምፕ ወደሚጠግኑ ሽማግሌ ተሸክሜው ሄድኩ። እሳቸው ካርቡራተሩንና ሲሊንደሩን የሚያገናኘውን ጎማ አጠፍ ዘርጋ እያደረጉ ስንጥቅ ፈለጉ፤ አየር ከዚያ ሾልኮ ከገባ ብሎን ማዞር በሽታውን መደበቅ ነውና። ጎማው ደህና ነው።

«ጋሼ፣ ቤንዚኑ ይሆን እንዴ?»

«በዚሁ ቤንዚን ትናንት እዚያ ስትሠራ ነበር አላልክም? ይልቅ ይህቺን ብሎን ማን ነካት?»

እኔው ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ እያጨሰ፣ እየተንተከተከ ሲያስቸግረኝ ኤች የሚል ፊደል ያለባትን ብሎን ወደ ቀኝ አጥብቄ ቤንዚኑን ቀንሼለታለሁ። ከዚያ ወዲህ ወራት በሰላም ሠርቷል። ታዲያ ዛሬ ምን ነካው?

ካቻቢቴ ፍለጋ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ስሰድ መልሱን ጨበጥኩት። ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ውሃውን ጠጥቼ ክዳኑን ጥርቅም ያደረግሁት ባዶ ሃይላንድ ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል። ማንም አልተቀመጠበትም። ያጨማደደው የሮቢት አየር ነው። ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ገደማ ነው የወረድነው፤ እዚህ አየሩ ወፍራም ነው። መጋዙ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ከላይኛው አገር ከአንድ አስረኛ በላይ ይበልጣል፤ ብሎኗ ግን ቤንዚን የምትሰፍርለት አሁንም በደብረ ብርሃን ልክ ነው።

ሽማግሌው ሃይላንዱን አገላብጠው አዩና ሳቁ። ሞተሩን አሞቅነው። መጀመሪያ ኤል የምትባለውን ሌላኛዋን ብሎን ወደ ግራ ትንሽ ከፈቱ፤ ጋዝ ሲሰጠው ማመንታቱን ተወ። ሚኒሞውን ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አወረዱ። ቀጥለው ኤችን በጣም በጥቂቱ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ እንኳ በማትሞላ፣ እየከፈቱ ጆሯቸውን ሰጡ። ማስተካከል ማለት ይኸው ማዳመጥ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ መጋዞች በኤሌክትሮኒክ ራሳቸውን ያስተካክላሉ ይባላል፣ የእኔ ግን ጆሮ ይፈልጋል። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ወፈረ፤ ባዶውን ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው እንደሚፈላ ወጥ ይንተከተካል። ግራሩ ውስጥ ሲገባ ግን መንተክተኩ ጠፍቶ ድምፁ ጠራ።

«እንዲህ ነው» አሉ፤ በምስማር ጫፍ ከብሎኗ አጠገብ ጭረት አደረጉልኝ።

ማግስቱን ስመለስ መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ የጣርማ በርን ዳገት ሲያያዘው ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ! አለ። ሃይላንዱ ጎኑን መልሷል። ካቻቢቴዬን ከቦርሳው አውጥቼ የደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።