843 እና ሠላሳ ሺህ ዳቦ ቤት

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳቦ ጋጋሪው ሊጥ እየለወሰ ነው። አብሮት ያለው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ብቻ ነው። እዚህ ማን ከማን ጋር ይደራጃል? በአንድ ገበታ ሊጥ እየለወሱ «ለሌሊቱ ጨምርልኝ» ማለትስ ከየት ይመጣል? ግን ሳይጠይቅ ይጨመርለታል፤ ከምሽቱ 2 እስከ ንጋቱ 12 ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት 25 በመቶ።

ይህን የሰጠው በ1976 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የተፈረመና እየተሻሻለ የመጣ፣ መለያ ቁጥሩ 843 የሆነ የኅብረት ስምምነት ነው። አንድ ሰነድ ከ30 ሺህ በላይ ዳቦ ቤቶችን ያስተዳድራል! የሙያው አሠሪዎችና ሠራተኞች ወኪሎች ይፈርማሉ፤ የሥራ ሚኒስቴር ደግሞ ላልፈረመውም እንዲሠራ ያዛል።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በዲሴምበር 2021 ቡፋሎ ከተማ የሚገኝ የአንድ ስታርባክስ ቡና ቤት ሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ ሰጥተው 19 ለ 8 አሸነፉ። ዜናው አገሩን አዳረሰ። ኩባንያው በአሜሪካ ራሱ የሚያስተዳድራቸው ቡና ቤቶች ግን 9 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ቀጣዩ ቡና ቤት ድምፁን ከሀ ብሎ ይጀምራል። ያሸነፉትም ያገኙት የመደራደር መብት እንጂ ጭማሪ አልነበረም።

እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፦ በሁለቱም አገሮች የማኅበር አባል የሆነው ከመቶ ሠራተኛ 10 ገደማ ነው። በስምምነት የሚሸፈነው ግን አሜሪካ 11፣ ፈረንሳይ 98!

843 ጋጋሪውን ባለጸጋ አላደረገውም። የድርድሩ ጠረጴዛ ከአንድ ድርጅት ወደ ዘርፍ ወይም ወደ አገር ከፍ ሲል የደመወዝ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጠብ ለማየት ስዊድን ትሻላለች። በሕግ የተደነገገ ዝቅተኛ ደመወዝ የላትም። ከ1956 እስከ 1983 ድርድሩ አገር አቀፍ ነበር፤ ዛሬም በዘርፍ ነው። ሠራተኛውን በደመወዙ ቅደም ተከተል ብናሰልፈው፣ ከላይ አንድ አሥረኛው ላይ የቆመው ከታች አንድ አሥረኛው ላይ ከቆመው የሚበልጠው ከ2 እጥፍ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። አሜሪካ 5 እጥፍ ይጠጋል። ትምህርትም ድርሻ አለው፤ ይህን ያህል ግን አያራርቅም።

በእኛ አገር በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት በአንድ ድርጅት ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሦስት ሆነው ሌሊቱን የሚጋግሩ የአዲስ አበባ ልጆች ግን መንገዱ አልተዘጋባቸውም፤ ከሌሎች ትናንሽ ድርጅቶች ሰባት ሰው ካገኙ ጠቅላላ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ።