የአባቴ ፊሽካ

ባለፈው ሳምንት ለአባቴ ሙት ዓመት ደባርቅ ነበርኩ። ዘመድ አዝማዱ ተሸኝቶ ድንኳኑ ሲፈርስ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም፤ በማግስቱ ወደ ቡይት ራስ ወጣሁ። ከከተማው ሃያ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ ጥቂት ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከመኪና ወርዶ አሥር እርምጃ የሄደ ሰው ትንፋሹን ይሰማዋል። ጭላዳዎቹ እንደ ድሮው ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ብርዱም ያው ነው። የጎደለው የአባቴ ፊሽካ ብቻ ነበር።

አባቴ የስፖርት አስተማሪ ነበር። የከተማው ልጆች “ቲቸር” ይሉታል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጭነት መኪና ሾፌር ለምኖ ልጆቹን እዚህ ድረስ ያወጣቸዋል፤ ከዚያ ወደ ደባርቅ በሩጫ። እሱም ከኋላ ሆኖ ፊሽካውን እየነፋ አብሮ ይሮጣል። ለምን ከፊት እንደማይሆን ስጠይቀው “ከፊት ያለው ልጅ እኔን አይፈልግም፤ የሚፈልገኝ ከኋላ የቀረው ነው” አለኝ። ብዙ ጊዜ ከኋላ የምቀረው እኔ ነበርኩ።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ማታ ሬዲዮኑን ከበን ተቀምጠናል። ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስም ከሴኡልም ኦሎምፒክ ስለቀረች፣ ከምሩፅ ይፍጠር የሞስኮ ድል ወዲህ 12 ዓመት ወርቅ አልሰማንም። በባርሴሎና 10,000 ሜትር ደራርቱ ቱሉ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ቀድማ ገባች። ጎረቤቱ ሁሉ በእልልታ ሲቀልጥ አባቴ ጥግ ይዞ “በቆጂ! በቆጂ!” ይላል። የደራርቱን ስም ሳይሆን የአገሯን ስም መጥራቱ ያኔ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በቆጂ እና ደባርቅ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ናቸው። አየሩ ስስ፣ ልጁ እግረኛ፣ ምግቡ ገብስ። ታዲያ ደራርቱ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ እና ጥሩነሽ ዲባባ ከአንዲት ትንሽ ከተማ እንዴት ወጡ? የአባቴ መልስ አንድ ነበር፤ “አየርማ እኛም አለን። እነሱ ጋ ግን ሰው ነበረ።” ሰው የሚለው የበቆጂውን የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱን ነው። ልጆቹን በትምህርት ቤት ሜዳ አይቶ የለያቸው እሱ ነው። አዲስ አበባ ሲገቡ ደግሞ እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያለ አሰልጣኝ ይጠብቃቸዋል። ዶክተሩ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ሲያርፍ አባቴ ሦስት ቀን ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። በአካል አግኝቶት አያውቅም።

በሜዳሊያ ሥነ ሥርዓት ላይ ለአሰልጣኝ የሚሆን መድረክ የለም። የትንሽ ከተማ አሰልጣኝማ ከነጭራሹ ስሙም አይነሳ። ከአባቴ እጅ የኦሎምፒክ ሯጭ አልወጣም። የወጡት ነርስ፣ ሾፌር፣ የፓርክ ጠባቂ፣ አስተማሪ ናቸው። ለተዝካሩ ሁሉም መጡ።

እውነቱን ልናገርና፣ ልጅ ሆኜ በእነዚህ ሰዎች እቀና ነበር። አባቴ የእነሱን ጫማ ቁጥር ያውቃል፤ የኔን ክፍል ግን አንዳንዴ ይረሳል። ደመወዙ ከፊሉ ለኳስ እና ለጫማ ይሄዳል። እማዬ ቆሎ እየቆላች የሰው ልጅ ትመግባለች፣ ማሊያ ታጥባለች። አንድ ቀን ተናድጄ “አንቺ ዝም ብለሽ ታዪዋለሽ?” አልኳት። “አባትህ ሜዳ የሚሄደው ውሃዬን ቀድቶ፣ እሳቴን አንድዶ ነው። በሌሊት ተነስቶ። አንተ ተኝተህ ስለሆነ አላየህም” አለችኝ። በዚያ ዘመን እንስራ የተሸከመ ወንድ በደባርቅ መሳቂያ ነበር። ለዚህ ነው ለካ ጎህ ሳይቀድ የሚወጣው፤ ፈርቶ ሳይሆን እሷን እንዳያሙበት።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰውን ከአዲአርቃይ እና ከዛሪማ አፈናቀለ። የደባርቅ ትምህርት ቤቶች በተፈናቃይ ሞሉ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጉልበቱንም ያመዋል። ስልክ ደውዬ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ ለመንኩ። “እዚህ ሥራ አለብኝ” አለ። ሥራው ምን እንደሆነ እማዬ ነገረችኝ፤ በየቀኑ ኳስ ይዞ ይሄዳል፣ የተፈናቃይ ልጆችን ሰብስቦ ፊሽካ ይነፋል። መጀመሪያ ቀን ልጆቹ ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው መሬት ላይ ተኙ። ከዚያ ቀን በኋላ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ በጭብጨባ ያሠለጥናቸው ጀመር። አንድ ቀን ግን አንድ ትንሽ ልጅ ራሱ “ቲቸር፣ ንፋው!” አለው። አባቴ ያን ዕለት ማታ ደውሎልኝ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። ሲያለቅስ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከቡይት ራስ ስመለስ እማዬ የሰዓት መመዝገቢያ ደብተሩን አውጥታ ጠበቀችኝ። የልጆች ስም፣ ቀን፣ ደቂቃ። የኔንም ስም አገኘሁት፤ ሰዓቱ እንደጠበቅሁት መጥፎ ነው። ከጎኑ በእርሳስ “ዛሬም አላቋረጠም” ይላል። ሩጫ እስካቆምኩበት ቀን ድረስ በየመስመሩ ያንኑ ጽፏል። ጫማ ቁጥሬን የማያውቅ የመሰለኝ ሰው!

ደብተሩን ሰጠችኝ። ፊሽካውን ስጠይቃት “አንተማ አዲስ አበባ ምን ታደርግበታለህ?” አለች። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ አሁን የስፖርት መምህርት የሆነችው፣ ለተዝካሩ መጥታ ሳለ ሰጥታታለች።

በነጋታው ማለዳ ልሄድ ስል ከሜዳው በኩል ፊሽካ ተነፋ። እማዬ ቡናዋን ቀና አድርጋ ይዛ ጆሮዋን ሰጠች።

“እሷ ረዘም ታደርገዋለች” አለች። “ይሁን፣ ትለምደዋለች።”